«ሦስት እንጀራ እስካወጣ ጠብቀኝ»

እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምንኖረው። ሁለት ምጣድ አለኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አማቴም አብረውን ናቸው (ጸሎታቸው አይለየኝ)። ትልቋ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6፣ ትንሿ ገና ሁለት አልሞላትም።

ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ የሰባት ወር ልጅ አዝላ ሃያ እንጀራ ልትወስድ መጣች። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስባት አድሮ ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺ እንዴት ነው የምትችዪው? ትዕግስቱን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ከአስር ደቂቃ በፊት በወንዱ ልጄ ላይ የጮህኩት ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ነበር፤ ሳቄን ዋጥኩና እንጀራዋን ቆጥሬ ሰጠኋት። ያን ቀን ያልመለስኩላትን እዚህ ልጻፈው። ስፈጠር ታጋሽ አይደለሁም። የማውቀው፣ ችኩል ሰው ቀኑን እንዴት አድርጎ እንደሚያመሸው ነው።

ከሊጥ ልጀምር

መጋገር የጀመርኩ ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ለተዝካር 120 እንጀራ ታዘዝኩ። አቡክቼ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ብከፍት ሊጡ ዝም ብሏል። ከላይ እርሾው አልጠለለም፣ ሽታውም ገና የዱቄት ነው። ሰዎቹ ከሰዓት ይመጣሉ። እንደምንም ብዬ አብሲት ጣልኩበትና ጋገርኩት። ዓይን የሌለው፣ ብራና የመሰለ ነገር ወጣ። ያዘዙት እናት አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት፣ አዩት፣ ምንም ሳይናገሩ መልሰው አስቀመጡት። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሊጡ ደርሶ፣ ኩፍ ብሎ፣ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ቆየ። መብራቱ ሲመጣ ሊጡ አፍ የሚያጣምም ሆኖ ጠበቀኝ።

ሊጥ ሰዓት አያይም። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል፣ በሙቀቱ ጊዜ በሁለት ቀን ይደርሳል። በእኔ እጅ ያለው ትንሽ ነው፦ ለብ ባለ ውሃ ማቡካት፣ እርሾውን ጨመር ማድረግ፣ ዕቃውን ከቀዝቃዛው ሴራሚክ አንስቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ፣ በብርድ ልብስ መጠቅለል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን በየሰዓቱ መክፈት ማቀዝቀዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንዱ ልጄ ሲዘገይብኝና ደሜ ሲፈላ ራሴን የምጠይቀው የሊጥ ጥያቄ ነው። አሁን ምን ላይ ነው? እኔ የማሞቀው ነገር አለ? እየቦካ ነው ወይስ እየኮመጠጠ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትከብዳለች፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

የጠዋቱ ጫማ

ወንዱ ልጄ ጫማውን ራሱ ካላደረገ ከቤት አይወጣም። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ከ15 ላይ በር ላይ ይደርሳል፤ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፣ ሦስተኛ የለም። ልጄ ግን የካልሲው ስፌት ጣቱ ላይ ካረፈ አውልቆ እንደገና ይጀምራል። ምላሱን ወደ ጎን አውጥቶ፣ ተረከዙን በሁለት አውራ ጣቱ እየገፋ፣ መሀል ላይ ግድግዳው ላይ ያለ ዝንብ አይቶ ቆም ብሎ።

አንድ ሳምንት ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። እኔ ሳደርግለት አንድ ደቂቃ ተኩል። እሱ ራሱ ሲያደርግ ስምንት ደቂቃ። ከእጁ ነጥቄ ሳደርግለት ደግሞ አስራ አምስት፣ ምክንያቱም መሬት ላይ ተዘርሮ ያለቅሳል፣ ያደረግኩለትን አውልቆ ይወረውራል፣ ከካልሲው ይጀምራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይኸው ነው፣ እኔ በሰዓት ለክቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንቱን ደቂቃ አስቀድሜ እገዛዋለሁ፦ 12 ሰዓት ከ30 ላይ ይነሳ የነበረውን 12 ከ15 ላይ እቀሰቅሰዋለሁ። ካልሲውን ማታ ገልብጬ፣ ስፌቱን አይቼ፣ ጫማው ውስጥ እጨምራለሁ። ግራና ቀኙን ስለሚያምታታ፣ ጫማዎቹ ውስጥ ወደ መሀል በሚዞረው ጎን ላይ የልብ ቅርጽ ግማሽ ግማሹን በማርከር ሳልኩለት። ጫማዎቹ በትክክል ሲገጥሙ ልቡ ይሞላል። «ልብ የሴት ነው» ብሎ እምቢ አለ፤ ኳስ አደረግነው። እኔ ደግሞ ሲያደርግ ፊቱ ቆሜ አላየውም። ዓይኔ ያስቸኩለዋል። ጀርባዬን ሰጥቼ ምሳ ዕቃውን እቋጥራለሁ።

ሌላው፣ «አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» የሚባለውን ነገር ተውኩት። ለትንሽ ልጅ አምስት ደቂቃም አምስት ሰዓትም አንድ ነው፤ የሚያየውና የሚነካው ነገር የለውም። የእኔ ሰዓት ምጣዱ ነው። አንድ እንጀራ ከማፍሰስ እስከ ማውጣት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስድብኛል። «ሦስት እንጀራ እስካወጣ ጠብቀኝ» ስለው በርጩማው ላይ ይቀመጥና ሰፌዱ ላይ የሚያርፈውን ይቆጥራል። አንድ። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱን ያያል። ሁለት። ግን ቃል ማክበር አለ። አንዴ ሦስተኛውን አውጥቼ «አንድ ብቻ ልጨምር» ብዬ አራተኛውን ሳፈስ፣ «እማዬ፣ ይሄ አራተኛ ነው» አለኝ። ለሁለት ሳምንት መጠበቅ የሚባል ነገር እምቢ አለ። አሁን ደግሞ ራሱ ይጠቀምብኛል። ሽንት ቤት ገብቶ ስጠራው «ሁለት እንጀራ ጠብቂኝ!» ይለኛል። ምን እላለሁ?

እንጀራ የማይጋግር ሰው ቤቱ ካለው ነገር ይምረጥ፦ ጀበናው እስኪፈላ፣ ባልዲው እስኪሞላ፣ ሁለት ታክሲ እስኪያልፍ።

ለመሆኑ ማን ነው የቸኮለው?

ይህን ለመጠየቅ ጉንዳን አስፈልጎኛል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ የጉንዳን ሰልፍ ያያል። አንዷ ከራሷ የሚበልጥ የዳቦ ፍርፋሪ ትጎትታለች። እኔ ክንዱን እየሳብኩ «ተነስ፣ እንሂድ፣ ረፈደ» እላለሁ። ምን ረፈደ? እሁድ ነው፣ ቤት የሚጠብቀኝ የለም፣ ምሳው ከትናንት ተሠርቷል። በሳምንቱ ሰርቪስ የለመደ አፌ ነው ዝም ብሎ የሚያወራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቶሎ በል» ከማለቴ በፊት በልቤ «ምን ሊያመልጠን ነው?» እላለሁ። ስሙን የምጠራለት ነገር ካለ (ሰርቪስ፣ ዝናብ፣ የሐኪም ቀጠሮ) ምክንያቱን ነግሬው እቸኩላለሁ። ከሌለ እኔም ቁጢጥ እላለሁ። ጉልበቴ ያመኛል እንጂ ጉንዳኗ ደስ ትላለች።

ወፌ ቆመች

ትንሿ ልጄ እግሯን እስክታነሳ ያየሁትን አበሳ ግን በቀልድ አላልፈውም። የእህቴ ልጅ በአስር ወሯ ሄደች። የእኔዋ በዓመቷ ዳዴ እንኳ በወጉ አትልም፣ በመቀመጫዋ ትንፏቀቃለች። አማቴ «ባልሽ በዘጠኝ ወሩ ነው የሮጠው» ይላሉ። (ባለቤቴን አሁን ሲነሳ ላየው ማመን ይከብዳል።) ሰው ቤት ስንሄድ አቅፌያት ነው የምቀመጠው፣ እንዳትታይብኝ።

የ15 ወር የኩፍኝ ክትባቷን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስወስዳት አዝያት ሄድኩ። ነርሷ «አትሄድም እንዴ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። እሷ ግን ልጅቷን ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ አቆመቻት፣ እግሯን፣ ዳሌዋን፣ እጅ ይዛ እንዴት እንደምትረግጥ አየች። «ይዛ ትቆማለች፣ ስትጠሪያት ትዞራለች፣ ዕቃ በጣቷ ትለቅማለች። ጊዜ አላት» አለችኝ። ቤት ገብቼ በስልኬ ስፈልግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን አስከትሎ በፈረንጆቹ 2006 ያወጣውን አገኘሁ። ያለ ድጋፍ መሄድ አንዱ ልጅ በ8 ወር ይጀምራል፣ ሌላው በ17 ወር ተኩል ገደማ፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ዳዴ ሳይሉ ነው ያለፉት። የአስር ወሯ የእህቴ ልጅና የእኔዋ አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ሩጫ ያደረግኩት።

እየጠበቅኩ ያሞቅኩት ምንድን ነው? መጀመሪያ ከጀርባዬ አወረድኳት። ሥራ ስለሚበዛብኝ ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ ነበረች፣ እግሯ መሬት የሚነካው ማታ ነው። ምንጣፍ አንጥፌ፣ ከምጣዶቹ በኩል ያለውን በሶፋ ዘጋሁት። ካልሲዋን አወለቅኩ፣ ባዶ እግር ወለሉን ይይዛል። የፕላስቲክ በርጩማ ገልብጬ ሰጠኋት፣ እየገፋች ትከተለው ጀመር። ጎማ ያለውን መራመጃ እህቴ ልትገዛልኝ ነበር፤ ነርሷ ከልክላኛለች። ቶሎ አያስኬድም፣ ይልቅ ልጅ ይዞ ይገለበጣል።

በ16 ወር ከሁለት ሳምንቷ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሊጥ ስቀዳ በርጩማውን ለቀቀችው። አማቴ ናቸው ያዩዋት። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያሉ ሲያጨበጭቡ ጭልፋ ይዤ ዞርኩ። አራት እርምጃ፣ ከዚያ ዱብ። ምጣዱ ላይ ያለውን እንጀራ ረስቼው አሮ ቤቱን ጭስ ሞላው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለኝ ሰው አልነበረም ያን ሰሞን። ተረቱ ዶሮዋን ለምን እንደሚተዋት አላውቅም። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው እሷ 21 ቀን ስለታቀፈችው ነው። ደግሞ ያቀፈች ዶሮ አይታችሁ ከሆነ፣ በቀን አንዴ ብድግ ብላ ጥሬዋን ለቅማ ውሃዋን ጠጥታ ትመለሳለች። እኔ ሦስት ልጅ እስክወልድ ይህን አላስተዋልኩም። ብዙ ጊዜ የምጮኸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ቁርስ ሳልበላ የምጋግርበት ሰዓት። አሁን የመጀመሪያው እንጀራ የእኔ ነው፣ በበርበሬና በዘይት፣ ቆሜም ቢሆን።

ሲኮመጥጥ

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ። «በራሱ ጊዜ» የሚለው ቃል ደስ ይላል፣ ግን ሰው ይደበቅበታል። ጎረቤታችን ያለ አንድ ልጅ ሦስት ዓመት አልፎት አይናገርም ነበር። «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» እየተባለ አራት ዓመት ደፈነ። ኋላ ሲመረመር ጆሮው አይሰማም። እናቱ ሰነፍ አልነበረችም፤ ታገሺ ያላት ሰው በዛ።

ስለዚህ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ የምትሄዱባቸውን ልንገራችሁ። ልጁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት፣ የማያጉተመትም ከሆነ። 16 ወር ሆኖት አንድ ቃል ከሌለው። 18 ወር አልፎት የማይሄድ ከሆነ። ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማይገጥም ከሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይለው የነበረውን ቃል ወይም ያደርገው የነበረውን ነገር ከተወ፣ በየትኛውም ዕድሜ፣ በማግስቱ ሂዱ። ንግግር ከዘገየ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ምንም ካልተገኘ ያጠፋችሁት አንድ ጠዋት ነው።

ለሽንት ግን አትሩጡ፣ አልጋ ላይ መሽናት ከአምስት ዓመት ልጆች ከመቶ 15 የሚሆኑት ላይ አለ። ወንዱ ልጄ እስከ ስድስት ዓመቱ ነበረበት። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ ነገሩ አለቀ። የሚያባብሰው ማሳፈር ነው።

በሕይወትም መጠበቅ ከበዛ እንደዚያው ይኮመጥጣል። በትልቋና በወንዱ መካከል ስምንት ዓመት አለ። እኔ ፈልጌው የዘገየ አይደለም። አንዱ በሦስት ወሩ ጨነገፈብኝ፣ ከዚያ ዝም አለ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ለዚችስ እህት አትወልጂላትም?» ይሉኛል። ባለቤቴን «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» እያሉ ያጽናኑታል፣ የእኔን ሆድ ማን እንደሚያጽናና እንጃ። አራት ዓመት ጸበልና ዝምታ ብቻ ይዤ ጠበቅኩ፤ ዛሬ ብሆን አላደርገውም። ሐኪሟ ኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ ዓመት ሞክሮ ያልመጣ መታየት አለበት፣ ሴቷ 35 ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ይበቃል፣ ባልና ሚስት አብረው። ባለቤቴን ለማሳመን ከሊጥም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ጸበሉንም አልተውኩም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ለጠያቂዎቹ ደግሞ አንድ መልስ አበጀሁ፦ «እግዚአብሔር ሲል።» ከዚያ ወዲያ ቡናውን መቅዳት ነው፣ ስኒ የያዘ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ሲያመልጣችሁ

ያመልጣል። መብራት ጠፍቶ፣ ትንሿ ዱቄቱን ደፍታ፣ ደንበኛ በር እያንኳኳ። ያኔ የሚሠራልኝ አንድ ነገር ነው፦ ሁለት እጄን ውሃ ውስጥ መክተት። ባልዲ ሁልጊዜ አለኝ። እጄ ውሃ ውስጥ እያለ አልመታም፣ ቀዝቃዛውም ወደ ክንዴ ይወጣል። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ከጮህኩ በኋላ ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አማቴ ይህን አይወዱትም፣ «ልጅ ይንቅሻል» ይላሉ። እስካሁን አልናቁኝም። ወንዱ ልጄ ባለፈው ታናሹን ገፍትሮ «ይቅርታ፣ ርቦኝ ነው» አላት። ከማን እንደተማረው ግልጽ ነው።

ትልቋ

አስቸጋሪዋ አሁን እሷ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና»፣ «ምን ተማራችሁ?» ስላት «ምንም»። በሩ ይዘጋል። አንድ ዓመት ሙሉ በዘጠኝ ሰዓት ስጠይቃት፣ በዘጠኝ ሰዓት ስንጣላ ኖርን። የእሷ ሰዓት ማታ አራት ሰዓት መሆኑን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ሁሉም ተኝቷል፣ እኔ የነገውን ሊጥ አቡካለሁ፣ እሷ ውሃ ልትጠጣ ትወጣለች። ዞር ብዬ ካየኋት ውሃዋን ይዛ ትመለሳለች። ካላየኋት በሩን ተደግፋ ትቆማለች። ስለዚህ አላያትም። ጥያቄ አልጠይቅም፣ ከ«እምም» ሌላ አልመልስም፣ ምክሬን ጠዋት ድረስ አሳድረዋለሁ፤ አብዛኛው አድሮ ሲታይ አስፈላጊ አይደለም። ቀን ቀን ሥራውን ጨርሼ መተኛት ስችል፣ ሆን ብዬ ጥቂት ዱቄት ለአራት ሰዓት አስተርፋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ብርጭቆዋን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ልርዳሽ?» አለች። ተጠጋሁላት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን አቦካን፣ እጆቻችን ሊጡ ውስጥ ይጋጫሉ። ከዚያ ወደ ዕቃው እያየች «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪ» አለችኝ።

ማቡካቴን አላቆምኩም። «እምም» አልኳት።